ስንቱ ጸደቀ? ስለ ፊት ስብ ንቅለ ተከላና ስለ ኢምፕላንት፣ ድሬዳዋ ላይ የተደረገ ንግግር

ይህ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ አዳራሽ ያደረኩት ንግግር ነው። የመጡት የውበት ሳሎን ባለሙያዎች፣ የጤና ተማሪዎችና "እስቲ ምን ትላለች" ያሉ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ከድምፅ ቅጂው ገልብጬ፣ ድግግሞሹን ቀንሼ አቅርቤዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ!

ሰዓቱን ወደ ማታ ስላደረጋችሁልኝ አመሰግናለሁ። በድሬ ሙቀት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ስብ ላውራ ብል ስቡም እኔም እንቀልጥ ነበር።

እኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ተምሬ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ ነው። በመጣሁ ቁጥር ታዲያ ገና ከመኪና ሳልወርድ የሚቀበለኝ ቃል አንድ ነው። "ምነው ከሳሽ?" ኪሎዬ ግራም ባይቀንስም ይሉኛል። በእኛ አገር ፊት የጤና ካርድ ነው። ጉንጭሽ ሞላ ካለ ተመችቶሻል። ከጎደለ ወይ ታመሻል፣ ወይ ተቸግረሻል፣ ወይ ቤት ውስጥ የማትናገሪው ነገር አለ።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ "ቆንጆ አድርጊኝ" አይልም። "ሳልታመም ሰው ሁሉ ታመምሽ ወይ ይለኛል" ይላል። ወይም "ፎቶ ላይ ከጎን ስታይ አገጭ የለኝም" ይላል። የሁለቱ ሰዎች ጉድለት ለየቅል ነው። ቲክቶክ ግን ለሁለቱም አንድ ጥያቄ አስይዞ ልኳቸዋል። "ዶክተር፣ ስብ ይሻላል ወይስ ኢምፕላንት?" ስብ ሲሉ ከራሳቸው ሆድ ወይም ጭን ተወስዶ ፊት ላይ የሚተከለውን ነው፤ ኢምፕላንት ሲሉ ደግሞ አጥንት ላይ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ጠጣር ነገር ነው።

አናጺ ጋ ሄዳችሁ "ምስማር ይሻላል ወይስ ቀለም?" ብትሉት "ቆይ፣ መጀመሪያ በሩን ልየው" ይላችኋል። እኔም መጀመሪያ ፊቱን ልየው እላለሁ።

እስቲ አሁን ሁላችሁም ጣታችሁን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉ። አዎ፣ ከኋላ ያላችሁትም። ከዓይናችሁ በታች ያለውን አጥንት ፈልጉ። ጫን በሉት። ከቆዳው ሥር መጀመሪያ ለስለስ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ከዚያ ጠጣር ይመጣል። ለስላሳው በአብዛኛው ስብ ነው። ጠጣሩ አጥንት ነው። ዛሬ የምናወራው ሁሉ እዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው።

ከከተማ ወጣ ስትሉ የሶማሌ አርብቶ አደሮችን ቤት አይታችኋል። አቃል ይባላል። ቆልመም ያለ እንጨት ይተከላል፤ በላዩ ሰሌን ይደረባል። እንጨቱ ካጠረ ቤቱ ይጎብጣል። ያኔ ሰሌን ብትደርቡበት ይከብደዋል እንጂ ቀና አይልም። ሰሌኑ ከሳሳ ደግሞ የእንጨቱ አጥንት ሁሉ ይቆጠራል። ያኔ እንጨት ብትጨምሩበት ይብሳል። ኢምፕላንት እንጨት ነው። ስብ ሰሌን ነው። አቃል ሠርታ የምታውቅ ሴት ይህን ለማወቅ የእኔ ንግግር አያስፈልጋትም።

ፊት ሲያረጅ ሁለቱም ይቀንሳሉ። አጥንቱ ይሟሽሻል፤ ስቡም ይጎድላል። ድሮ ስቡ እንደ ብርድ ልብስ አንድ ላይ የተዘረጋ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሮድ ሮሪክና ጆኤል ፔሳ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የሬሳ ፊት ላይ ቀለም እየወጉ ተመለከቱ። ቀለሙ በየቦታው ድንበር ላይ ይቆማል። የፊት ስብ እንደ ብርቱካን በክፍልፋይ የተቀመጠ ነው። አንዱ ክፍልፋይ ሲሟጠጥ ጎረቤቱ ያበጠ ይመስላል። ከአፍንጫ ወደ አፍ የምትወርደዋን መስመር አስቡ። "ፊቷ ወረደ" እንላለን። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ከላይ የጎደለ ነገር አለ።

እሺ፣ ከስቡ ልጀምር። አድልዎ እንዳለብኝ አስቀድሜ ልናገር። እኔ ስብ እወዳለሁ።

ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል። ንቅለ ተከላ። ነቅሎ መትከል። የኩላሊቱንም በዚሁ ቃል ነው የምንጠራው። የገበሬ ቃል ነው። ችግኝ ተክሎ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፤ የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም። ችግኝ ስንተክል ስንት እንደተከልን በሬዲዮ እንሰማለን። በዓመቱ ስንቱ ጸደቀ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፊት ላይ ያለ ስብ ግን ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለውም።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሆድ ወይም ከጭን በቀጭን ቱቦ ስብ ይመጠጣል። ቱቦውን ካኑላ እንለዋለን። የወጣው ነገር ንጹሕ ስብ አይደለም። ደም አለው፣ ማደንዘዣ ፈሳሽ አለው፣ የፈነዳ ሴል ዘይት አለው። ስለዚህ ይጣራል፣ ወይም ይታጠባል፣ ወይም ሴንትሪፊውጅ በሚባል ማሽን ይሽከረከራል። ንጹሑ ስብ ከዚያ በመርፌ ቀዳዳ በኩል፣ ጫፉ ደነዝ በሆነ ካኑላ ፊት ውስጥ ይቀመጣል። መጠኑን ስነግራቸው ሰዎች ይገርማቸዋል። ለሙሉ ፊት እንኳ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። አንድ የቡና ስኒ አይሞላም። "ሆዴ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ጉንጬ አዙሪልኝ" የምትሉ አላችሁ። ይቅርታ፣ ጉንጭ ያን ያህል ቦታ የለውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ጉስታቭ ኖይበር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ከታማሚው ክንድ ላይ ስብ ወስዶ ፊት ላይ ወደ ውስጥ የገባ ጠባሳ ሞላበት። ትናንሽ ቁርጥራጭ ከትልቅ ቁራጭ የተሻለ እንደሚይዝ ያኔ አስተውሎ ነበር። በ1950 ደግሞ ሊንደን ፒር የተባለ አሜሪካዊ የተተከለ ስብ በዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀር መዝኖ ጻፈ። ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል። ብዙ ሐኪም በዚህ ምክንያት ተስፋ ቆርጦ ተወው። ነገሩ ነፍስ የዘራው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ በፓሪስ ኢቭ ዤራር ኢሉዝ ስብ በቱቦ መምጠጥን አስፋፋ፤ ስቡም በመርፌ ሊገባ በሚችል መልክ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ ሲድኒ ኮልማን መጣ። የእሱ ትምህርት አንድ ቃል ነው፤ ቀስ በሉ። ስቡን አታሳድዱት፣ አትጨምቁት፣ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ትንሽ ትንሽ የሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የዛሬው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከሆድ የወጣች የስብ ጠብታ ደም ሥሯ ተቆርጧል። አዲስ ቦታ ስትደርስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትኖረው ዙሪያዋን ካለው እርጥበት እየመጠጠች ነው። አዲስ የደም ሥር እስኪደርስላት ቀናት ይፈጃል። ጠብታዋ ትንሽ ከሆነች እስከ መሃሏ ይርሳል። ወፍራም ከሆነች ግን ዳሯ ይኖራል፣ መሃሏ ይሞታል። የሞተው መሃል አንዳንዴ ዘይት ያቋጥራል፤ አንዳንዴ ይጠጥርና እንደ ሽምብራ ይዳሰሳል። ስለዚህ ጎበዝ ሐኪም በአንድ ጉድጓድ መቶ ችግኝ አይከምርም። መቶ ጉድጓድ ይቆፍራል። ካኑላውን ያስገባል፣ እየሳበ ሲመለስ ጠብ ጠብ ያደርጋል። እንደገና በሌላ መንገድ ይገባል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ወገብ ያማል። "በግማሽ ሰዓት ጨርሰንልሽ ትሄጃለሽ" የሚላችሁን ሰው እኔ አልተማመነውም።

እንዲህም ሆኖ ከተተከለው የሚጸድቀው ከሰው ሰው ይለያያል። ብዙ ሐኪሞች ለታማሚ የሚናገሩት ከ30 እስከ 70 በመቶ የሚለውን ነው። ሰፊ ክልል እንደሆነ አውቃለሁ። ከ30 እና ከ70 መሃል ገብታችሁ ሒሳብ ስሩ ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም። የመጨረሻው መልክ የሚታወቀው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትመኑ። የምታዩት እብጠት ነው። በሁለተኛው ሳምንት "ወላሂ አሳምራኛለች" ብላ የደወለችልኝ ሴት በሦስተኛው ወር "የት ሄደ?" ብላ ትደውላለች። ሁለተኛ ዙር የሚያስፈልገው ብዙ ነው።

ሲጋራና ሺሻ ችግኙን ያደርቁታል። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠብባል። የሚጠብቀው ደም ነው፤ መንገዱን ዘጋችሁበት።

አሁን ስለ ራሴ ስህተት ልንገራችሁ። ስፔሻሊስት ከሆንኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ጉንጯ የጎደለ አንዲት ሴት መጣች። ግማሹ ይሞታል ብዬ አስቤ ከሚያስፈልጋት ጨምሬ ሞላሁ። ብዙ ሐኪም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ዛሬም የሚያደርግ አለ። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁሉም ጸደቀ!

በዚያ ላይ በዓመቱ አረገዘች። ከወለደች በኋላ ወፈረች። የሆድ ስብ ጉንጭ ላይ ቢተከልም ሆድነቱን አይረሳም። ሆዷ ሲጨምር ጉንጯም አብሮ ጨመረ። መጥታ መስታወቱ ፊት ቁጭ አለችና "ዶክተር፣ ፊቴም አርግዞ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። የተተከለ ስብ መልሶ መምጠጥ ይቻላል። ነገር ግን የእኔን ስብ ከእሷ ስብ ለይቶ የሚያወጣ ካኑላ የለም። ትንሽ ቀነስኩላት፣ አንዱ ጎን ካንዱ ተበላለጠ፣ እንደገና ገባን። ሁለት ዓመት ፈጀብን።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ከብዙ ሰው የሚለየው። "የራሴ ስብ ነው፣ ምን ይለኛል? ኢምፕላንት ግን ባዕድ ነው" ትላላችሁ። ባዕድ መሆኑ እውነት ነው። ግን ባዕዱ እንግዳ ነውና ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ስብ አንዴ ከጸደቀ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ከቤት አውጡት ቢሏችሁ እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ልጨምርና ከስቡ ልውጣ። ከቅንድብ መሃል፣ ከአፍንጫ ድልድይና ከግንባር ያሉ የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥር ጋር የተያያዙ ናቸው። ስብም ሆነ ፊለር የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ መሙያ ሳይታወቅ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ወደ ኋላ ተገፍቶ የዓይንን ደም ሊዘጋ ይችላል። ዓይን ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ካጋጠመ ግን የሚመለስ ነገር አይደለም። ደነዝ ካኑላ የምንጠቀመው፣ ቀስ ብለን የምንገፋው ለዚህ ነው። የሳሎን ባለሙያዎች፣ እህቶቼ፣ ቅንድብ ቅረጹ፣ ፀጉር ሥሩ፣ ሜካፕ ላይ ማንም አይደርስባችሁም። መርፌ ግን አትንኩ። ቤት ለቤት እየዞረ የሚወጋ ሰው ካለ፣ በኮንትሮባንድ የገባ ስሙ የማይነበብ ብልቃጥ ካለ፣ በእናታችሁ ደንበኛችሁን አትላኩለት። እ.ኤ.አ. በ1899 ቪየና ውስጥ ሮበርት ጌርሱኒ የሚባል ሐኪም ፓራፊን በመርፌ እየሰጠ አካል መሙላት ጀመረ። ቀላል፣ ርካሽ፣ ወዲያው የሚታይ። ፋሽን ሆነ። ከጊዜ በኋላ ፓራፊኑ ከቦታው ሸሸ፣ ጠጠረ፣ ቆዳ በላ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ብልቃጡ ተለወጠ እንጂ ወሬው ያው ነው።

ወደ ኢምፕላንት።

አንድ የሐረር ልጅ ታካሚ ነበረኝ። አባቱ መኪና ግርግር ልብስ ይሰፋል። ለማታውቁት፣ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ከነመኪናቸው የተደረደሩባት መንገድ ናት፤ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ልጁ የመጣው "አፍንጫዬ ትልቅ ነው፣ ቀንሽልኝ" ብሎ ነው። ከጎን ፎቶ አነሣሁት። አፍንጫው ምንም አልሆነም። አገጩ ነው ወደ ኋላ የሄደው። አገጭ ሲያንስ አፍንጫ ይገዝፋል። ዓይን ብቻውን አይለካም፤ አወዳድሮ ነው የሚለካ። በወረቀት አፍንጫውን ሸፍኜ አገጩን ሳሳየው ገባው።

ኢምፕላንት ምን እንደሆነ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ። "የኮት ትከሻ ውስጥ አባዬ የሚያስገባው ስፖንጅ ነዋ!" አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምናገረው እንደዚያ ነው። ኮት ትከሻውን የሚይዘው በጨርቁ ብዛት አይደለም።

አገጭ ላይ ስብ ብንሞላለት ኖሮስ? ትንሽ ይለወጥ ነበር። አምስትና ስድስት ሚሊ ሜትር ወደፊት መግፋት ግን ለስላሳ ነገር የሚችለው ሥራ አይደለም። ስቡ ወደ ጎን ይሰፋል፣ አገጩ ድቡልቡል ይላል። ጠርዝ ያለው ቅርጽ ከፈለጋችሁ ጠጣር ያስፈልጋል።

ፊት ላይ በብዛት የሚገባው ጠጣር ሲሊኮን ነው። ጡት ውስጥ እንደሚገባው ከረጢት አይደለም። በውስጡ የሚፈስ ነገር የለም። እንደ ጎማ ሆኖ ይተጣጠፋል፤ በምላጭ ይቀረጻል። በአፍ ውስጥ ከከንፈር ሥር ወይም ከአገጭ በታች ተቀድዶ፣ አጥንቱን ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ሥር ልክ የሆነ ኪስ ይሠራለታል። ኪሱ ከሰፋ ይንሸራተታል። ከጠበበ ይታጠፋል። ይህም የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። ሰውነት ከጊዜ በኋላ ስስ ከረጢት ያበጅለታል እንጂ አይዋሐደውም። ለዚህ ነው ማውጣት የሚቀለው። ሌላው ፖሊኢትሊን የሚባለው ባለ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሥጋና ደም ሥር ያድግበታል። ከቦታው አይነቃነቅም። የሚያስመሰግነው ነገር ራሱ የሚያስወቅሰው ነው፤ ላውጣህ ቢሉት ሥጋ ይዞ ነው የሚወጣ።

የኢምፕላንት ችግሩ አብሮን አለማርጀቱ ነው። በ25 ዓመት ዕድሜ ሲገባ ሥጋው ሸፍኖታል። በ60 ዓመት ቆዳው ሲሳሳ ጠርዙ ሊታይ ይችላል። ከሥሩ ያለው አጥንት ከግፊቱ የተነሣ ሊጎደጉድ ይችላል። ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሆነ መደንዘዝ አለ። አብዛኛው በጊዜ ይመለሳል፤ ሁሉም ግን አይመለስም። ከሁሉ የከፋው ቁስል ማመርቀዝ ነው። ሕይወት ያለው ሥጋ ተሕዋሲያንን በደም ይዋጋል። ሲሊኮን ደም የለውም። ሲመረቅዝ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ማውጣት ነው። ወራት ጠብቆ እንደገና ማስገባት ይቻላል።

እዚህ ላይ የድሬንና የሐረርን ሰው በስሙ ልጥራ። በአፍ ውስጥ የተቀደደ ቁስል አለ። ሐኪም ለስላሳ ነገር ብቻ ብላ፣ በደንብ ተጉመጥመጥ ብሏል። አንተ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለህ ጫትህን ጉንጭህ ውስጥ ትጠቀጥቃለህ። አቦ፣ አትነጅሰና! ቅጠሉ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፣ መንጋጋህ አራት ሰዓት ሙሉ ያኝካል፣ ኢምፕላንቱ ከኪሱ ይንሸራተታል። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊትም ስለሚጨምር ከማደንዘዣ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለባችሁ። አይፈርድባችሁም። ካልነገራችሁት ነው የሚያስቸግረው።

ጫት ካነሣን አይቀር። ብዙ የሚቅም ሰው ምግብ ይዘጋዋል፣ ይከሳል፣ ጉንጩ ይገባል። ይህ ሰው "ስብ ሙይልኝ" ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ከየት ላምጣው? ሆዱም ጭኑም ባዶ ነው። ደግሞ ዛሬ ሞልቼለት ነገ በደንብ መብላት ቢጀምር የራሱ ጉንጭ ይመለሳል፤ የእኔው ትርፍ ይሆናል። ኪሎው ቢያንስ ለስድስት ወር ባለበት ይርጋ እላለሁ። ምሳ በሉ የሚል ሐኪም ገንዘብ አያገኝም፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ደግሞ የማኘኪያ ጡንቻው በሥራ ይፈረጥምና ፊቱ ይዛነፋል። ያም ሰው ስብም ኢምፕላንትም አያስፈልገውም።

ስለ ጠባሳም ልናገር። እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ኬሎይድ ይበዛል። ቁስሉ ድኖ ሳለ ጠባሳው ከልኩ አልፎ ያብጣል። በቤተሰባችሁ ያ ካለ፣ ጆሮ ስትበሱ ያበጠባችሁ ካላችሁ፣ ከአገጭ በታች የሚቀደደውን ሁለቴ አስቡበት። የስቡ ቀዳዳ የመርፌ ቀዳዳ ስለሆነ በዚህ በኩል ይቀላል። በአፍ ውስጥ የሚቀደደው ኢምፕላንትም ከውጭ ጠባሳ አይተውም።

ስብን ለምን እንደምወድ የገባኝ ግን በቁንጅና ጉዳይ አይደለም። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሕፃን ሳለች የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ነው። ቃጠሎው ድኗል። ግን አንድ ጉንጯ ከሥሩ ተጣብቆ ሰሌዳ ሆኗል። ስትስቅ በአንድ ወገን ብቻ ነው የምትስቀው። እንዲህ ያለ ቆዳ ሥር ኢምፕላንት ብታስገቡ ስሱ ቆዳ አይችለውም፤ ይቀደድና ወጥቶ ይታያል። ስለዚህ ከጠባሳው ሥር የተጣበቀውን በቀጭን መሣሪያ እያላቀቅን ትንሽ ትንሽ ስብ አስቀመጥን። በሦስት ዙር። እ.ኤ.አ. በ2001 ፓትሪሽያ ዙክና ባልደረቦቿ ስብ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችሉ ግንደ ሕዋሳት እንዳሉ ካሳዩ ወዲህ፣ ስብ ጠባሳን የሚያለሰልሰው በነሱ ነው የሚል ክርክር አለ። ክርክሩን ለተመራማሪዎቹ ልተወው። እኔ የማውቀው በጣቴ የዳሰስኩትን ነው። ሰሌዳው ቆዳ ሆነ። በሦስተኛው ዙር ስትመጣ ከረሜላ ሰጥቻት በሁለቱም ጉንጯ አላመጠችው። ድሬም ሐረርም ጀበናና ምድጃ ወለል ላይ ባለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ስላሉ ይህን ማወቅ ይጠቅማችኋል። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎና ለመልሶ ማደስ ቀዶ ሕክምና ከድሮም የሚታወቅ ነው። ሪፈር አስጽፉ።

ጥያቄ አላችሁ?

አንድ ወጣት ዋጋ ጠየቀ። ቁጥር አልናገርም፤ የዛሬ ወር ሌላ ይሆናል። ግን ስታወዳድሩ እንዲህ አወዳድሩ። ስቡን በሁለት ዙር አባዙት። ኢምፕላንቱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ የዶላሩን ነገር አስቡ፤ ምናልባት አንድ ቀን የሚወጣበትንም ወጪ ደምሩ። ዕቃው በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑንም ጠይቁ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ተቀብላችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ የሚያወጣው ሐኪም ምን እንደገባ ማወቅ አለበት።

አንዲት እህት "ሐራም አይደለም ወይ?" አለች። እሱን ሼኻችሁን፣ ቄሳችሁን ጠይቁ። እኔ ልረዳችሁ የምችለው ጥያቄውን በማስተካከል ነው። የተቃጠለ ጉንጭ ማደስና የሰው ፎቶ አይቶ መንጋጋ ማስቀየር አንድ ጥያቄ አይደለም። ለይታችሁ ጠይቋቸው።

ሌላው "አንቺ ራስሽ የቱን ታደርጊያለሽ?" አለኝ። ዛሬ ምንም። አገጬ ደህና ነው፣ ጉንጬ ትንሽ መጉደል ጀምሯል። በሃምሳዎቹ ከደረስኩ ስብ አስደርጋለሁ ይሆናል፤ ያውም ከሚያስፈልገኝ አሳንሶ የሚሞላልኝ ሐኪም ካገኘሁ። የጎደለ ይጨመራል።

መጨረሻ ላይ ፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። "እማማ፣ እርስዎ ምን ሊሉ ነው?" አልኳቸው። "አንቺ በይኝ እንጂ፣ መቼ ነው አዲስ አበባ ያበላሸሽ?" አሉኝ። እሺ አልኳት፤ የድሬ ሕግ ነው።

"እኔ ጉንጬ ገብቷል" አለች። "እነሆ ጣቴን አድርጌ ስፈልግ ቆይቻለሁ። ስብ ነው አጥንት የጎደለኝ?"

ወርጄ አጠገቧ ሄድኩ። ጉንጯ እውነትም ገብቷል። ከንፈሯም ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። አፍሽን ክፈችልኝ አልኳት። ከላይ ጥርስ የለም። ከታች ሁለት ቀርተዋል። ጥርስ ሲወልቅ የተሸከመው አጥንት ሥራ ይፈታና እየተሟሸሸ ይሄዳል። ጉንጭና ከንፈር ከኋላ የሚደግፋቸው ያጣሉ። እኔ ስብ ብሞላላት ድጋፍ የሌለው ሰሌን ነው። ኢምፕላንት ባስገባላት ያለቦታው ነው።

"አንቺ የሚያስፈልግሽ የጥርስ ሐኪም ነው" አልኳት። "ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሥሩልሽ። ጉንጭሽ ቀና ይላል። ሥጋም ታኝኪበታለሽ።"

አየችኝ። ነጠላዋን ሰበሰበች።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰዓት ለምን አስቀመጥሽኝ፣ አቦ!"